ሳነቴ ላይ የተነፈሱ ኬኮች

ኬክ ሲተነፍስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። አልጠጣም፣ አልቅምም፣ ያን ቀን ደግሞ ጾመኛ ነበርኩ። ስለዚህ የማወራችሁን ስታነቡ «ይቺ ሴትዮ ምን ቀምሳ ነው?» እንዳትሉኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ግን መስከረምን አሳልፎ የነቢያት ጾም ሲገባ ጠብቆ ነው የመጣው፣ የባሌ ውርጭ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰሞን።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰናይት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎባ፣ ኬክ የምሠራው ሮቤ ነው። ሙያውን አዲስ አበባ ተምሬ ስመለስ ሮቤ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ ጀመርኩ። ከሙያው ሁሉ አብልጬ የምወደው ማለስለስን ነበር። ፎንዳንት የሚባለውን የስኳር ሊጥ ሳታውቁት አትቀሩም፤ የሠርግ ኬክን ከላይ እስከ ታች እንደ ነጭ ጨርቅ የሚያለብሰው ነው። እሱን በስሱ ዳምጬ፣ ኬኩ ላይ ጥዬ፣ በመዳፌ እያሻሸሁ አንዲት እጥፋት ሳትታይ ሳወርደው የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ደንበኛ ገብቶ «ውይ፣ እጅ የነካው አይመስልም!» ካለኝ ሌላ ምስጋና አያስፈልገኝም። የጣት ምልክት የታየበትን ኬክ ግን ገፍፌ እንደገና አለብሰዋለሁ። ጓደኞቼ «አንቺን የሚያገባ ሰው አሳዘነን፤ ፊቱን ሳይቀር ታለሰልሺዋለሽ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ጠባዩ ኬክ ላይ ብቻ ቢቆም ጥሩ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጎባ ያለው ቤታችን በእኔ እጅ ነበር። የጭቃ ቤት ነው። እናቴ በየዓመቱ ለመስቀል ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ ግድግዳውን በገዛ እጇ ትለስነው ነበር። ሲደርቅ የጣቶቿ መስመር ከላይ እስከ ታች ይታያል። እኔ ያንን መስመር ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። የዓለምን ኬክ እያለሰለሰች የራሷ ግድግዳ እንደ ታረሰ ማሳ ሆኖ ታየ እንዳልባል፣ ጋሼ በቀለ የሚባሉ ግንበኛ ሙሉውን በሲሚንቶ እንዲለስኑልኝ ተስማምተን ነበር። ሥራው የሚጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ አዴ ዘይነባ ልውሰዳችሁ። አዴ ዘይነባ ሮቤ ካለው ኬክ ቤቴ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሮቤ ውስጥ የማያውቃቸው የሌለ እናት ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ገቡና ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አካም ጅርታ ኢንተላ ኮ? ደህና ነሽ ወይ ልጄ? ልጄን ሐያትን ልድራት ነው» አሉኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት አዴ! የት ልትሄድብን ነው?»

«ደሎ መና። ሳነቴን ተሻግራ።» ወደ ተራራው በኩል በአገጫቸው አመለከቱ። «ትልቅ ኬክ አልፈልግም። ትልቅ ኬክ ማን ቆረሰው፣ ለማን ደረሰ አይታወቅም። ትንንሽ ሥሪልኝ። ለአማቷ አንድ፣ ለባሏ እህቶች አንዳንድ፣ ለአጎቶቹ አንዳንድ። በእጇ እየሰጠች ትተዋወቃቸዋለች። ባዶ እጇን አትገባም።»

«እርስዎስ አብረው አይሄዱም?»

ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልቤን የሚያይልኝ ሐኪም ሳነቴን እንዳትወጪ ብሎኛል። በቆላ የሚዞረውም መንገድ ለእኔ የሚሆን አይደለም። ልጄን የምሰጥበትን ቤት በዓይኔ ሳላየው ነው የምሰጣት፣ ሰናይት።»

የኬኩን መጠን በእጄ አሳየኋቸው፤ የቡና ስኒ የሚያህሉ፣ ነጫጭ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ የጠየቁኝ የጠበቅሁትን ነበር።

«ላዩ ላይ የምታለብሺው ከምንድን ነው?»

«አዴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ጄላቲን የሚባል ነገር ይገባበታል። ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚወጣው። ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ግን ማሸጊያው አይናገርም።»

«እንግዲያስ አይግባ።»

«አይገባም» አልኩ። ጄላቲን ያልገባበት ፎንዳንት ይላላል፤ እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ሆኖ ይለጠጣል። ለሥራ ያስቸግራል እንጂ ይቻላል። ለእኔ ዋናው ጭንቀት የሳነቴ አቧራ ነበር። የዚያን መንገድ አቧራ ያላየ ሰው አያውቀውም፤ በተዘጋ መስኮት ገብቶ ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ብልሃት ያልኩትን አሰብኩ። ሌላ ጊዜ ከታች ክፍት የምተወውን የኬኩን ቂጥ በሌላ ክብ ፎንዳንት ደፍኜ ጠርዙን በውሃ አጣብቃለሁ። አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ የለም ማለት ነው። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ እንደሌለ አላሰብኩም። ደገኛ ስንባል የተፈጠርነው ለመጠቅለልና ለመሸፈን ነው፤ ብርድ አይግባ እንላለን እንጂ ምን ይውጣ አንልም።

ከመንገዱ በፊት ባለው ቀን ኬኮቹ በቅቤ ክሬም ተቀብተው ተሰልፈው ነበር። ሮቤ ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ስለሆነ ክሬሙ ቶሎ ደረቅ አለልኝ። ችግሩ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ቅቤም ወተትም እንቁላልም የገባበትን ነገር በምላሴ አላስነካም። በጾም ወራት የሠራሁትን የሚቀምስልኝ ሁልጊዜ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ናቸው፤ በረመዳን ደግሞ ቀን የሠሩትን ሾርባ ጨው የምቀምስላቸው እኔ ነኝ። ሮቤ ላይ እንዲህ ነው የምንኖረው። እናም አዴ ዘይነባን ጠራኋቸው።

ከጎድጓዳው ሳህን በማንኪያ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማሻአላህ። ስኳሩ ልክ ነው።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ኬኮች ትክ ብለው አዩ። «እነዚህ ናቸው የሚሄዱት?»

«አዎ አዴ። አሁን አለብሳቸዋለሁ።»

ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ፣ በንጹሕ ፎጣ አደረቁ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳልረዳ ወደ መጀመሪያው ኬክ ጎንበስ አሉ። «ቢስሚላህ» አሉና አመልካች ጣታቸውን መሐል አናቱ ላይ ጫን አደረጉት።

እኔ ያለሰለስኩትን ክሬም! እሳቸው ግን ቀና ብለው እንደ ልጅ እያዩኝ «ሁሉንም ልንካቸው ኢንተላ ኮ? እኔ አልሄድም። ጣቴ ይሂድላት» አሉኝ።

እንዲህ ለሚል ሰው ማን እምቢ ይላል? «ይንኩ አዴ» አልኩ። እያንዳንዱን ቢስሚላህ እያሉ፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ ቀስ ብለው ጫን ጫን አደረጉ። ሲጨርሱ ግንባሬን ስመውኝ ወጡ።

ብቻዬን ስቀር ጉድጓዶቹን ልሞላ ክሬም በቢላዋ አንሥቼ ነበር። ቢስሚላህ የተባለበትን መድፈን ግን እጄ እምቢ አለኝ። «ፎንዳንቱ ይሸፍነዋል፤ ማን ያየዋል?» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሊጡን ዳምጬ፣ በየጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሬ፣ አሻሽቼ፣ ከታች ደፍኜ ጨረስኩ። ምንም ነገር አይታይም። እጅ የነካቸው አይመስሉም ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ የሐያት ታላቅ ወንድም ጀማል በፒክአፑ መጣ። ሙሽራዋ ከአጃቢዎቿ ጋር ከሰዓት ትከተለናለች፤ እኛ ቀድመን ደርሰን ኬኮቹን እናሰናዳለን። ካርቶኖቹን የኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ደግፈን አስቀመጥን። አዴ ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ወደ መኪናው አልቀረቡም። ካርቶኖቹን ብቻ አዩና እጃቸውን አነሡ።

ጎባ ስንደርስ ጀማልን አስቁሜ ወደ ቤት ብቅ አልኩ። ጋሼ በቀለ አሸዋና ሲሚንቶ እየደባለቁ ነበር።

«ልጀምር ነው፣ ሰናይት። ሐሳብሽን አልቀየርሽም?»

«ምን ይቀየራል ጋሼ? ይጀምሩ እንጂ። ስመለስ እንደ መስታወት ሆኖ ላግኘው።»

ጀማልም በዚያው ከሱቅ ውሃና አንድ ከረጢት የድንች ችፕስ ገዝቶ ተመለሰ። ከረጢቱን ከፊታችን ወርውሮት ጉዞ ጀመርን።

ከጎባ በላይ መንገዱ መውጣት ይጀምራል። መጀመሪያ ጽድ፣ ቀጥሎ አስታ፣ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና ሰማዩ ብቻ ይቀራል። ሳነቴ ላይ ብዙ ጊዜ ወጥቼ አላውቅም ነበር፤ ጎባ ተወልዶ ሳነቴን ከታች ብቻ እያየ የሚያረጅ ሰው ሞልቷል። ያን ዕለት ማለዳ ውርጩ ገና አልቀለጠም፤ ሜዳው በሙሉ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች በየቦታው ለብቻቸው ቆመዋል። ጆሮዬ ድፍን አለ።

«ዋጥ አድርጊው፣ ይከፈታል» አለኝ ጀማል። ምራቄን ዋጥኩ፣ ጧ ብሎ ተከፈተ።

ትንሽ እንደሄድን ጀማል ፍሬን ያዘ። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱ መሐል ቆማ ነበር። እኛን ከቁም ነገር አልቆጠረችንም። ዓይኗን አንዲት የአይጥ ጉድጓድ ላይ ተክላ ጸጥ ብላለች። እኛም ጸጥ አልን።

«እስክትጨርስ ኬኮቹን እዪ» አለኝ ጀማል በሹክሹክታ።

ዞር ብዬ የመጀመሪያውን ካርቶን ክዳን ከፈትኩ።

እግዚኦ!

ከሮቤ ስነሣ ጠፍጣፋ የነበረው አናታቸው ሁሉ ወደ ላይ ተነሥቷል። እያንዳንዱ ኬክ መሐሉ ላይ እንደ እርጉዝ ሆድ ክብ ብሎ ወጥሯል። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ነጩን ቆዳ ስታበራው ሥሡ ሆኖ ውስጡ ብርሃን ያለው መሰለ። አንድ ላይ ነፍስ የዘሩ፣ አየር ስበው ደረታቸውን የነፉ፣ ልናገር ነው የሚሉ ይመስሉ ነበር። መኪናዋ በቆመችበት ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እነሱም ይንቀጠቀጣሉ።

«ጀማል» አልኩ። «ሞተሩን አጥፋው።»

ዞሮ አየ። «ሱብሃነላህ! ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ሁለተኛውን ካርቶን ከፈትኩ። ያው ነው። ሦስተኛውንም። ማማተብ ጀመርኩ፤ ጀማልም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። እንግዲህ ይታያችሁ፤ እሱ በእሱ፣ እኔ በእኔ፣ ለኬክ ስንጸልይ።

በዚህ መሐል ከፊተኛው ረድፍ አንዷ «ፍስስ» አለች። ትንሽዬ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ ያለ ድምፅ ነው። አናቷ ተሰንጥቆ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ። እኔም አብሬያት የወረድኩ መሰለኝ። ሌሎቹ ተራ በተራ እንደዚያ ከሆኑ ሐያት ለባሏ ቤተሰብ የምትሰጠው ምንድን ነው? እናትየው አልመጡ፣ ኬኩ ፈራርሶ፣ ባዶ እጇን ልትገባ?

የተሰነጠቀችውን በመዳፌ ይዤ ቅዳዷን በጥፍሬ ገለጥ አደረግሁ። ከሥር፣ ክሬሙ ላይ፣ የአዴ ዘይነባ ጣት ቁጭ ብሏል። የጥፍራቸው ጫፍ ሳይቀር ይታያል።

ያኔ ዓይኔ ከፊታችን በተጣለው የችፕስ ከረጢት ላይ አረፈ። ጎባ ላይ ለስለስ ያለ የነበረው ከረጢት ኳስ ሆኗል። ጆሮዬ ትዝ አለኝ። ነገሩ ቀስ እያለ በራልኝ።

«አየሩ ነው!» አልኩ። «ጀማል፣ አየሩ ነው! ጉድጓዱን ስሸፍነው የሮቤን አየር ከውስጥ ዘግቼበታለሁ። እዚህ ላይ አየሩ ሥሥ ነው፤ የውስጡ ይገፋል። እንደ ከረጢቱ!»

ከረጢቱን አነሣና በጣቱ መታ መታ አደረገው። «እና በእማዬ ጣት ውስጥ ያለው አየር ነው ያበጠው?»

«እሱ ነው።»

ከረጢቱን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ውጭ ነፋሱ ያፏጫል። ቀበሮዋ ሄዳለች። ከፊታችን ሳነቴ ማለቂያ የለውም፤ ከሜዳው ማዶ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው የተራራ ጫፍ ቀልቶ ተቀምጧል። ዓለም ሁሉ ገና ዛሬ ተሠርቶ የተሰጠን መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም እንደዚያ ያለ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሴትዮዋ ተራራውን መውጣት ተከልክለዋል፤ ተራራው ግን የጣታቸውን ቦታ አንድ በአንድ እየፈለገ አግኝቷል።

ከቦርሳዬ መርፌ አወጣሁ። አየር የያዘ ፎንዳንት በመርፌ ጫፍ ወጋ ይደረግና አየሩ ይወጣል፤ ሙያው እንደዚያ ነው የሚለው። ቀዳዳዋ ትታያለች፣ አቧራም ይገባባታል፣ ግን ከመፈንዳት ይሻላል። መርፌውን አንዱ ኬክ ላይ አስጠጋሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ጀማል።

«ልወጋው። አለበለዚያ ሁሉም ይሰነጠቃሉ።»

«ቁልቁለቱ ቅርብ ነው። ከሜዳው ጫፍ ወደ ሀረና ጫካ ስንወርድ ይሄ ከረጢት ይሟሽሻል፤ ሁልጊዜ ነው የማየው። እነሱም ይመለሱ ይሆናል።»

«ባይመለሱስ? እስከዚያ ቢፈነዱስ?»

«እኔ እንጃ። ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

ባለሙያዋ እኔ ነኝ። መርፌውን እንደያዝኩ የተወጠረውን ነጭ ሆድ አየሁት። ከሥሩ ምን እንዳለ ባላውቅ ኖሮ ሳላመነታ እወጋው ነበር። አሁን ግን የምወጋው የሴትዮዋን ጣት መሰለኝ። «ጣቴ ይሂድላት» ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ነው። መርፌውን ወደ ቦርሳዬ መለስኩና «ንዳው» አልኩት። «ቀስ ብለህ ንዳው። ድንጋይ ካየህ ውረድና በእጅህ አንሣው።»

የተሰነጠቀችዋን ኬክ ለጀማል ሰጠሁት፤ ለመጠባበቂያ ትርፍ ስለሠራሁ ለዘመዶቹ አይጎድልም። እኔ አልበላ፣ ጾም ነው። እሱም አገላብጦ አያትና «ለእኔ የደረሰችኝ ይህች ናት ማለት ነው» አለ። ቢስሚላህ ብሎ ጎረሳት። መንገዱን እያየ ያኝካል፣ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። እኔ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሬ ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ፣ ካርቶኖቹን በሁለት እጄ አቅፌ፣ «እባካችሁ፣ እባካችሁ» እያልኩ ለኬክ እየለመንኩ ሳነቴን አቋረጥኩ።

የሜዳው ጫፍ ላይ መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከሥር ደመና ነው፣ ከደመናው ሥር የሀረና ጫካ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ደመናው ውስጥ ገባ፤ ጉም መስታወቱን ሸፈነው፤ ከዛፎቹ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጆሮዬ እንደገና ተደፈነ፣ እንደገና ተከፈተ። ሪራ የምትባለዋ መንደር ስንደርስ ጀማል ቀርከሃ ሥር መኪናዋን አቆመና «ክፈቺው» አለኝ።

«አንተ ክፈተው።»

«አላህ ይዘንልሽ፣ ክፈቺው እንጂ!»

ከፈትኩት። ተመልሰዋል። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ አናታቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ከሮቤ እንደወጡ ሆነዋል። ጀማል እጁን ወደ ላይ አንሥቶ «አልሐምዱሊላህ» ሲል መንደርተኞቹ ምን አገኙ ብለው መኪናውን ከበቡት። እኔ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ያዘኝ።

ነገር ግን ደሎ መና ከሪራ በታች ነው፤ ከሮቤም በጣም በታች ነው። ይሄንን ማሰብ ነበረብኝ። በደስታ ሰክሬ አላሰብኩትም።

ደሎ መና ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የሙሽራው እናት አዴ ፋጡማ በእልልታ ተቀብለው ቀዝቀዝ ያለች ክፍል ሰጡኝ። ዘርዘር አድርጌ ልደረድር ካርቶኑን ስከፍት እንደገና ክው አልኩ። አሁን ደግሞ አናታቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። የቆላው አየር ከላይ ተጭኖ፣ የውስጡ አየር ተሰብስቦ፣ ለስላሳው ፎንዳንት ቁልቁል ተስቦ ክሬሙ ላይ ልጥፍ ብሏል። በእያንዳንዱ ኬክ መሐል ላይ አንድ አንድ ጉድጓድ። የአንዲት ሴት አመልካች ጣት፣ ጥፍሩ ከላይ፣ ሥጋው ከታች፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሳነቴ ላይ ያንን ያህል ተደንቄ የነበርኩት ሴትዮ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ትርፍ ፎንዳንት አወጣሁ። አዎ፣ ጠባይ በአንድ ተራራ አይለቅም። ጉድጓዱን ሞልቼ፣ በላዩ ሥሥ ንጣፍ አልብሼ ላለሰልሰው ፎንዳንቱን በእጄ ማሸት ጀመርኩ። ጊዜ አለኝ፣ ሙሽራዋ ገና ናት ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ልደፍን ጎንበስ ስል በሩ ተከፈተና ሐያት ራሷ ገባች። አጃቢዎቹ ፈጥነው ደርሰው ኖሯል። ሙሉ በሙሉ ተሸልማ፣ እጇ ላይ ሂና፣ ፊቷ ላይ ግን ሰው የማያውቅበት ቤት የገባ ሰው ፍርሃት ነበር። ዘመዶቹ ሳሎን ተሰብስበው እየጠበቋት ነው፤ ኬኮቹን ፈልጋ ነው የመጣችው።

«ሰናይት፣ ደረሱ?» አለችኝ ሹክ ብላ።

«ደርሰዋል። ትንሽ ጎድጎድ ብለውብኛል፤ አሁን አስተካክላቸዋለሁ።»

ቀረብ አለች። አየች። ቆመች። እናቷ ኬኮቹን እንደነኩ ማንም አልነገራትም፤ እኔም አልተነፈስኩም። ሐያት የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ቀስ ብላ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ አስገባች። ልክ ነበር።

«ሀደ ኮ» አለች። እናቴ ማለት ነው። «የእማዬ ጣት ነው። ሊጥ ስትነካ፣ ጨርቅ ስትመርጥ፣ ትኩሳቴን ስታይ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ጫን ታደርገዋለች።» ሁለተኛውን ነካች፣ ሦስተኛውን ነካች። «ሁሉም ላይ ናት?»

«ሁሉም ላይ» አልኩ።

እጄ ላይ ያለውን ፎንዳንት አየችና «ምን ልታደርጊበት ነበር?» አለችኝ።

ሊጡን በጨርቅ ጠቀለልኩት።

ከዚያ ሳሎን ገባን። ሐያት በትሪው ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እያነሣች ጉድጓዱን በጣቷ እያሳየች «ይሄ የእናቴ ነው። መምጣት አልቻለችም፣ እጇን ልካለች» እያለች ሰጠቻቸው። ድምፅዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ወደ መጨረሻው ጠነከረ። አዴ ፋጡማ የደረሳቸውን ተቀብለው ጣታቸውን ጉድጓዱ ላይ አሳረፉ። ለሰው ሰላምታ የሚሰጡ መሰሉ። «እንኳን ደህና መጣሽ በሏት» አሉ፤ ለሐያት ይሁን ለአዴ ዘይነባ አላወቅሁም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ኬኩን ይዘው ለመብላት አመነቱ። ጀማል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ግድግዳ!

ከቤት እየሮጥኩ ወጥቼ ስልኬን አወጣሁ። ጋሼ በቀለ እስኪያነሡ ነፍሴ ወጣች።

«ጋሼ፣ ያቁሙ! የቱ ጋ ደረሱ?»

«ምነው ልጄ? ሦስቱን ወገን ጨርሻለሁ። እንደ መስታወት ነው ያልሽኝ፣ እንደ መስታወት ነው የሆነው። የቀረው የጓዳው ብቻ ነው። አሁን ላስገባበት ነው።»

«እሱን ይተዉልኝ! በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ እሱን አይንኩት!»

«ሌላው ልስልስ ብሎ እሱ ብቻ እንዲህ ተንጨባሮ ሊቀር? ሰው ምን ይለኛል? ይሳቅብኝ?»

«በእኔ ይሳቁ ጋሼ። ባለቤቷ እብድ ናት ይበሏቸው።»

ስመለስ ሳነቴን በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ጎባ ገብቼ በቀጥታ ወደ ጓዳው ግድግዳ ሄድኩ። ሦስቱ ግድግዳዎች በእውነትም እንደ መስታወት ሆነዋል፤ ጋሼ በቀለ እጃቸው ያማረ ነው። እነሱ ላይ ግን የማየው ነገር አልነበረም። አራተኛው ፊት ቆሜ ቀኝ እጄን አነሣሁና ጣቶቼን በእናቴ መስመሮች ውስጥ አስገባሁ።

አንባቢዎቼ፣ አሁንም ፎንዳንት አለሰልሳለሁ፤ የሚከፍለኝ ሰው ለስላሳ ነው የሚፈልገው፣ እኔም አሁንም እወደዋለሁ። ከታች ግን ትንሽ ቀዳዳ እተዋለሁ። በየኬኩ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጣቴንም ጫን አደርጋለሁ። «እጅ የነካው አይመስልም» ሲሉኝ ግን እንደ ድሮው ደስ አይለኝም፤ «ነክቶታል» እላቸዋለሁ። አዴ ዘይነባ ሐያት ስለ ኬኮቹ የነገረቻቸውን ሰምተው «ደረስኩ ማለት ነው» ብለው ስቀዋል። እናንተም ቤታችሁን ልታለሰልሱ፣ ልትቀቡ፣ ልታፈርሱ ስትነሡ መጀመሪያ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳብሱት።

እኔ ያን ቀን ስዳብሰው ሦስቱ የጣት መስመሮች ቀጥ ብለው ወረዱ። አራተኛው መስመር ላይ ጣቴ አልሄድ አለኝ። ብሞክረው ብሞክረው ወደ ጎን ይጎብጣል። ግራ ገብቶኝ ቆየሁና አስታወስኩ። የእናቴ የቀለበት ጣት ጠማማ ነበረች። ልጅ ሆና ተሰብራ እንደዚያው ድና የቀረች። ሙሉ ዕድሜዬን ያጎረሰችኝ እጅ ነው፤ ረስቼው ነበር።